ስንሮጥ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ምን ያድርግ? ክሩ ከነምላሾቹ

ይህን ክር፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ያለውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው ከላይ እስከ ታች የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍኩትን፣ ከሥሩ የመጡትን ምላሾችም በየቁጥራቸው፣ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ። ያልተስማማሁበትንም አልዘለልኩም። የተሰማኝን ግን ጣልቃ እየገባሁ ተናግሬያለሁ።

መክፈቻ

በሴቶች ቀን ሰሞን ቅድሚያ ለሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫን ሮጥኩ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ነው። የዚያን ቀን መንገዱ በሙሉ የእኛ ነበር። እናት ከልጇ ጋር፣ ተማሪዎች በቡድን፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ተጠራርተው የመጡ ሴቶች። ዳር የቆመው ሰው ያጨበጭባል። አንድም ክፉ ቃል ሳልሰማ ጨረስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ከጉርድ ሾላ ወደ ሲኤምሲ ብቻዬን ወጣሁ። 12 ሰዓት ከ40 ነበር፣ ነግቷል። ሰፋ ያለ ቱታ ለብሻለሁ። አንድ መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎኔ መሄድ ጀመረ። መስኮቱ ወረደ። ውስጥ ሁለት ወንዶች ናቸው። ስለ ሰውነቴ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም። ስፈጥን ይፈጥናሉ፣ ስቆም ይቆማሉ። እንዲህ እያልን አራት መቶ ሜትር ያህል ሄድን። ታክሲ የሚጠብቁ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች አጠገብ ስደርስ ቆምኩ፣ ሰው ካለበት ይሄዳሉ ብዬ። አልሄዱም። ሰዎቹ አዩኝ፣ መኪናውንም አዩ፣ ከዚያ ሁሉም ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ብቻ ጠጋ ብለው፣ ልጄ በዚህ ሰዓት ለምን ትወጫለሽ አሉኝ። ሌላ ያናገረኝ ሰው የለም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ነክተውሻል ወይ ተባልኩ። አልነኩኝም። ታርጋውን ይዘሻል ወይ ተባልኩ። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የያዝኩት። እንግዲያው አንድ ነገር ሲደርስብሽ ነይ ተብዬ ተሸኘሁ።

ጥያቄዬ ይኸው። እኔ ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅም። እሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። የምጠይቀው እዚያ የቆሙት ሰባት ስምንት ሰዎች ምን ማድረግ ነበረባቸው የሚለውን ነው። አንድ ሰው አድርጎላችሁ የጠቀማችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ምላሾቹ

1ኛ የመለሰችው ሰሚት የምትኖር ሴት ናት። እሷም እንደኔ ጠዋት ጠዋት ትሮጥ ነበር። ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል። አሁን ኮንዶሚኒየም ግቢዋ ውስጥ ነው የምትዞረው፤ ብሎኮቹን አርባ ጊዜ ስትዞር አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሞላላታል። ጎረቤት ምን ሆና ነው ይላል፣ ግን ቢያንስ የሚከተላት የለም። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። አርባ ዙር!

2ኛው በጣም ጨዋ በሆነ አነጋገር የጻፈ ወንድም ነው። እህቴ አይዞሽ ብሎ ይጀምርና ምክሩን ይደረድራል። ሳይነጋ አትውጪ፣ ለብቻሽ አትሁኚ፣ የጆሮ ማዳመጫ አታድርጊ፣ ሰፊ ልብስ ልበሺ፣ መንገድ ቀያይሪ። ቅን ልብ እንዳለው ያስታውቃል። ግን ጥያቄዬን አላነበበውም።

3ኛዋ ይህንኑ ነገረችው፣ ለስለስ አድርጋ። ነግቶ እንደነበር፣ ቱታ እንደለበስኩ፣ ሁለቱም መክፈቻው ላይ ተጽፏል አለችው። ከዚያ የራሷን ጨመረች። ሮጣ አታውቅም። ነጠላዋን ተከናንባ ለኪዳን ስትሄድ ነው የሚለክፏት፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር። ልብስ ቢሆን ኖሮ ነጠላ ያድነኝ ነበር ነው የምትለው።

4ኛው ጥያቄ ይዞ መጣ፣ ከልቡም ይመስለኛል። እሱም ይሮጣል። አንድ ቀን መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የምትሠራ ልጅ አይቶ በርቺ አላት፣ እሷ ፊቷን አጠቆረችበት። እና በርቺ ማለትም ለከፋ ሆነ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኛ አገር ሯጭ አይቶ አይዞህ፣ አይዞሽ ሳይሉ ማለፍ ነውር አይደለም ወይ አለ።

እውነት አለው። እኔን ራሴን አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው ደራርቱ ብለውኝ ያውቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

5ኛዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሯጭ ነኝ ትላለች። ለ4ኛው የሰጠችው መልስ ከክሩ ሁሉ ከወደድኳቸው አንዱ ነው። በርቺ የሚል ሰው ቃሉን ጥሎ ያልፋል፣ መልስ አይጠብቅም ትላለች። ለካፊ ግን መልስ ይፈልጋል። ዝም ስትዪው ይደግመዋል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ይሰድብሻል። ሯጯን እያየ በርቺ የሚለውና ዳሌዋን እያየ በርቺ የሚለው አንድ ቃል ነው ያወጡት፣ ሴቷ ግን ልዩነቱን ዞር ሳትል ታውቀዋለች። ፊቷን ያጠቆረችው ልጅ ምናልባት ከእሱ በፊት አራት ሰው አስመርሯት ይሆናል፣ ይቅር ይበላት።

6ኛው በአጭሩ ተስማማ። ወንድ ሯጮች ከኋላ ስንመጣ ድምፅ እናሰማ፣ ሰፋ አድርገን እንለፍ፣ ከኋላዋ ተጠግተን አንሩጥ አለ። አጭር ነው ግን ጥያቄዬን የመለሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ቆጥሬያለሁ፣ ከስድስት አንድ።

7ኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ወሬ ነው አለ። ሴት ልጅ ማለዳ መንገድ ላይ መሮጧ ከባህላችን ውጪ ነው፣ መሮጥ ያማራት ጂም ትግባ፣ ትሬድሚል ሞልቷል አለ። በመጨረሻም ሥራ ፈትነት ነው ብሎ ዘጋው።

8ኛዋ አልቻለችም፣ ፈነዳች። የትኛው ባህል ነው አለችው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ስታመጣ፣ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ስትሆን፣ ባህላችን ነው ብለህ አልጨፈርክም ወይ አለችው። ፋጡማ ሮባ፣ ጥሩነሽ፣ መሠረት የሮጡት ጂም ውስጥ ነው ወይ? እነዚህ ልጆች በማለዳ አስፋልትና ጫካ ላይ ባይወጡ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን በኩራት የሚጠራ ይኖር ነበር ወይ? የጂም ክፍያስ ማን ይከፍልላታል? ሩጫ ለድሃ ልጅ የተረፈ ስፖርት ነው፣ ጫማ ካለሽ በቃ፣ እሱንም ልትቀሙን ነው አለች። ከዚህ በኋላ የተጠቀመችባቸውን ሁለት ሦስት ቃላት ትቻቸዋለሁ። ንዴቷን ግን ተቀብያለሁ።

9ኛው የመድረኩ ኃላፊ ነው። ስድብ ይቁም አለ፣ ሁለት ጽሑፍ አነሳ።

10ኛዋ እንግሊዝ አገር የምትኖር እህት ናት። እዚያም ያው ነው ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። በማንቸስተርና በመርሲሳይድ አካባቢ 498 ሴት ሯጮችን ጠይቀው 68 በመቶዎቹ ሲሮጡ ስድብ፣ ለከፋ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ለፖሊስ ያመለከቱት ግን 5 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ለምን ዝም አሉ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ያችን ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ምን እንዳሏት አንብቡ ብላ ወደኔ ጠቆመች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2025 የሰሬ ፖሊስ ያደረገውን ነገረችን። ሴት ፖሊሶችን የሩጫ ልብስ አልብሶ መንገድ ላይ አሰማራ። የለከፋቸውን ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመው ባልደረባቸው ያስቆመዋል። በአንድ ወር ውስጥ 18 ሰው ታሰረ። ሁሉም በለከፋ አይደለም፣ ስርቆትም ነበረበት፣ ጾታዊ ጥቃትም ነበረበት። ግን ያስቆሟቸውን ሰዎች ያደረጉት ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ያስረዷቸዋል። ይህ ነው ደስ ያለኝ ትላለች።

11ኛው እኛ ለንደን አይደለንም ብሎ መጣባት። እዚህ ፖሊስ ሌላ ስንት ጣጣ አለበት፣ በለከፋ ጊዜ አይባክንም አለ። ጣጣ እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለት ፖሊስ በሳምንት አንድ ጠዋት ቱታ ለብሶ ቢሮጥ ምን ያህል ይጎዳል? ነዳጅ እንኳን አይፈልግም።

12ኛዋ ዱባይ የምትሠራ ልጅ ናት። እዚያ ሙቀቱ ቀን ስለማያስወጣ ሰው የሚሮጠው ማታ ነው። ባሕሩ ዳር የሩጫ መም አለ፣ መብራቱ እንደ ቀን ነው። ለእረፍቷ ቀን ከጓደኞቿ ጋር ትወጣለች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስትሮጥ አዲስ አበባ በቀትር ከምትፈራው ያነሰ እንደምትፈራ ጽፋለች። ግን አገሬን ለማማት አይደለም አለች፣ የእረፍት ቀን የማይሰጣቸው ስንት እህቶች እዚህ መስኮት ላይ ቆመው ያዩናል አለች። በዚህ አቆመች። እኔም እዚያው ላይ ትንሽ ቆየሁ።

ከ13ኛው እስከ 15ኛው ወሬው ሌላ ቦታ ሄደ። አንዱ ሰው ከለካፊ ይልቅ እንጦጦ ላይ ጅብ ይፈራል። ሌላው ጅብ አይነካህም፣ ፊትህን ሳታዞር ቁም፣ አትሩጥ ብሎ አስተማረው። ስለ ውሻ የተነገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳ መምሰል ነው። ሦስተኛው ሰልባጅ የሩጫ ጫማ የት ጥሩ እንደሚገኝ ጠየቀ፣ ለእሱ ሌላ ክር ይከፈትለት።

16ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን፣ ያውም ወደማንወደው ቦታ። ድሮ የክለብ ሯጭ ነበረች። የአርሲ ልጅ ናት፣ ከተማ ስትመጣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እንዲህ ነው የምትለው። እናንተ ስለ መንገድ ታወራላችሁ፣ እኔን መንገድ ላይ የለከፈኝን አንዱንም አላስታውስም። ሱሉልታ ወርደን ስንሠራ ሃያ ሠላሳ ሆነን ስለምንሄድ ማንም ቀና ብሎ አያየንም። እኔ የፈራሁት ከልምምድ በኋላ ያለውን ነው። ቤት የምታከራይሽን ማን አገኘልሽ? ጫማ ማን ገዛልሽ? ውድድር ማን ያስገባሻል? አሯሯጭሽ ማነው? ለነዚህ ሁሉ መልሱ አንድ ሰው ከሆነ እሱን እምቢ ማለት ሩጫን መተው ነው። እሷም ተወችው።

ከዚያ የኬንያንና የኡጋንዳን ልጆች አነሳች። አግነስ ቲሮፕ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ጀርመን ላይ ሴቶች ብቻ በሚሮጡት የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር 30 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በወሩ ኢተን ከተማ ቤቷ ውስጥ በስለት ተወግታ ሞታ ተገኘች፣ በግድያው የተከሰሰው ባሏ ነው። ርብቃ ቼፕቴጌይ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ለኡጋንዳ ማራቶን ሮጠች። ወር ሳይሞላ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት፣ ኤልዶሬት ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ሁለቱም የተገደሉት እየሮጡ አይደለም። ሁለቱም ገዳዬ ይሆናል ያሉትን ሰው በስሙ የሚያውቁት ነበሩ። ከቲሮፕ ሞት በኋላ ጓደኞቿ ቲሮፕስ ኤንጀልስ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ለሴት አትሌቶች መጠጊያ ሆነዋል። እኛ ዘንድ ያቺ ልጅ ለማን ትደውላለች ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ አንድ ማረሚያ አለኝ። ገዳዬ ይሆናል ያሉት የሚለው የእሷ አባባል ነው። ሟቾቹ ምን ብለው እንደነበር እኔ ማረጋገጫ ይዤ አይደለም የጻፍኩት። የቀረው በይፋ የተዘገበ ነው።

17ኛው ከርዕስ ወጣሽ አላት። ይህ የትዳርና የፍቅር ጉዳይ ነው፣ ስለ መንገድ ደኅንነት ነበር የምናወራው አለ።

18ኛዋ ተቆጣች፣ በትክክል። ሁለት ሴቶች ሞተው ከርዕስ ወጣሽ ይባላል ወይ አለች። መንገድ ላይ መኪናው ሲከተላት ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ሰውና፣ ካምፕ ውስጥ ልጅቷ ስታለቅስ እየሰማ በሩን የሚዘጋው ሰው አንድ ሰው ነው አለች። ከእሷ ጋር ነኝ። የጠየቅኩት ዳር ስለቆመው ሰው ነው፣ ዳር የቆመ ሰው ደግሞ ክለብ ውስጥም አለ።

19ኛው ሕግ የተማረ ሰው ነው፣ ጥሩ ምላሽ ጻፈ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለከፋ በሚል ስም የተቀመጠ ወንጀል የለም። ግን ሰውን ማስፈራራት ወንጀል ነው፣ መሳደብም፣ ያለፈቃድ መንካትም። ስለዚህ አልነኳትም ተብሎ መሸኘት አልነበረባትም፣ አራት መቶ ሜትር በመኪና መከተልን እንደ ማስፈራራት ቆጥሮ መመዝገብ ይቻል ነበር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል። መንገዱ ግን እንዲህ በግልጽ የሚናገርለት የለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 መንገድ ላይ ሴትን መላከፍን በቦታው በገንዘብ የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች ብሎ አነጻጸረ። ከዚያ ተግባራዊ የሆነውን ጨመረ። ታርጋ፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ እና ያየ አንድ ሰው ስልክ ቁጥር። ይህችን የመጨረሻዋን አስምሩባት አለ። ምስክር የሌለው አቤቱታ መዝገብ ቤት አይደርስም፣ ዳር የቆመው ሰው ሌላ ምንም ባይችል ስልኩን ይስጥ።

20ኛዋ ያችው የክለብ ሯጭ ናት፣ ለ17ኛው መለሰች። አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔ ከርዕስ ሳይሆን ከሩጫ ነው የወጣሁት አለችው። እሱ አልመለሰም።

21ኛዋን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እናቷ መንገድ ጠራጊ ናቸው። በሌሊት ተነስተው፣ ቢጫ ሰደርያቸውን ደርበው፣ መጥረጊያ ይዘው ይወጣሉ። እናንተ 12 ሰዓት ላይ የምትሮጡበትን መንገድ እናቴ 10 ሰዓት ሌሊት ላይ ጨለማ ውስጥ ጠርጋዋለች አለች። ሰካራም ይለክፋቸዋል፣ መኪና ይገፋቸዋል፣ ከጭፈራ ቤት የሚወጣው ጠርሙስ ይወረውርባቸዋል። ሯጭ ካልተመቻት መንገድ ትቀይራለች፣ እናቴ ግን የተመደበላት መንገድ አለ። ስለ ሴት ደኅንነት በተወራ ቁጥር ግን ማንም ስለ ጠራጊዎች አንስቶ አያውቅም። በቁጣ አልጻፈችውም። ቢሆንም እኔ አፈርኩ። ስንት ዓመት በአጠገባቸው አልፌያለሁ።

ቀጥላ የጻፈችው ነው የበለጠ የነካኝ። አንድ ቀን አንዲት ሯጭ ልጅ እየተከተሏት ወደ እናቷ ሮጣ መጣች። እናቷ ምንም አላሉም። መጥረጊያቸውን ይዘው ልጅቷን ከኋላቸው አድርገው ቆሙ፣ ማዶ ላሉት ባልደረቦቻቸው ተጣሩ። አራት ሴቶች አራት መጥረጊያ ይዘው ተሰበሰቡ። ሰውየው ሄደ። እንግዲህ የጠየቅሽው ይኸው አለችኝ።

22ኛው የታክሲ ረዳት ነው፣ ወይም ነበር። እሱም መለሰልኝ። ጠዋት የመጀመሪያውን ቢያጆ ሲሠሩ መኪና ሴት ሲከተል ያያሉ። ሹፌሩ ሚኒባሱን በመኪናውና በልጅቷ መካከል ያስገባል፣ እሱ በሩን ከፍቶ እንደሚያውቃት ሰው ነይ ግቢ፣ አርፍደናል ይላታል። ከገባች እስከሚቀጥለው ፌርማታ በነፃ ያደርሷታል። ካልገባችም መኪናው መንገድ ስለተዘጋበት ይሄዳል። ሁሉም ረዳት እንዲህ ነው አላለም። የሚለክፉት ራሳቸው ረዳቶች የሆኑበት ጊዜም እንዳለ አመነ፣ እሱም ልጅ ሳለ ያደርገው ነበር። እህቱ አልቅሳ ቤት የገባች ቀን ነው የተወው።

23ኛዋ ረዳቱ ሳያውቀው ያደረገው ነገር በሌላው ዓለም ሥልጠና የሚሰጥበት ነው ብላ ደስ አላት። ራይት ቱ ቢ የሚባል፣ ኒው ዮርክ የተነሳ ድርጅት ዳር የቆመ ሰው ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን አምስት መንገዶች ያስተምራል። አንዱ ማዘናጋት ነው፣ ለካፊውን ትቶ ሴትዮዋን ሰዓት ስንት ነው ብሎ ማናገር፣ ወይም እንደ ረዳቱ ነይ ግቢ ማለት። ሌላ ሰው መጥራት አለ፣ እንደ ጠራጊዋ እናት። ማስረጃ መያዝ አለ፣ ቪዲዮው ግን የልጅቷ ነው፣ ሳይጠይቁ አይለጠፍም። ካለፈ በኋላ ቀርቦ ደህና ነሽ ወይ ማለት አለ። ለካፊውን ፊት ለፊት ተው ማለትም አለ፣ እሱ ግን ለራስ አደጋ የሌለው ሲሆን ነው። ያችን ትልቅ ሴትዮ አሰብኳቸው። ለምን ትወጫለሽ ከማለት ይልቅ ልጄ ደህና ነሽ ወይ ብለውኝ ቢሆን፣ ለእኔ ያ ጠዋት ሌላ ጠዋት ይሆን ነበር።

24ኛው የ2ኛው ምላሽ ባለቤት ነው፣ ተመልሶ መጣ። ትንሽ ቅር ብሎታል። ምክር መስጠቴ ወንጀል ሆነ ወይ አለ። ሴት ልጅ አለኝ፣ ነገ ሩጫ ስትወጣ ዓለም እስኪስተካከል ጠብቂ ልላት አልችልም፣ የጆሮ ማዳመጫሽን አውልቂ ነው የምላት አለ። ትክክል ነው። እኔም አንድ ጆሮዬን ክፍት አድርጌ ነው የምሮጠው። ያመመኝ ምክሩ አይደለም፣ ምክሩ ወደ እኛ ብቻ መምጣቱ ነው። ለልጅህ የምትነግራትን ያህል ለልጅህ ወንድም ምን ትነግረዋለህ ብዬ ጻፍኩለት። ወንድ ልጅም አለኝ፣ ነግሬው አላውቅም፣ እነግረዋለሁ አለ።

25ኛው የቴክኖሎጂ ሰው ነው። ስትራቫ ላይ የምትሮጡ ከሆነ መነሻችሁንና መድረሻችሁን ደብቁ፣ ማስተካከያው ውስጥ አለ አለ። አለበለዚያ ካርታው ቤታችሁን፣ ሰዓታችሁንና የምትመላለሱበትን መንገድ ለማያውቃችሁ ሰው ያሳያል። ሮጣችሁ ከገባችሁ በኋላ እንጂ እየሮጣችሁ ፎቶ አትለጥፉ። ቴሌግራም ላይ ያላችሁበትን ቦታ ለአንድ ሰው ለ1 ሰዓት መላክ ይቻላል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ራሱ ይቆማል። እኔ ይህን ለእህቴ እልካለሁ። አንድ ቀን ውሃ ልጠጣ ስቆም ነጥቡ አልንቀሳቀስ ብሏት በድንጋጤ ደውላለች።

26ኛው ያው 7ኛው ሰው ነው። አሁንም ከቤት አትውጡ ነው የሚለው፣ ቃሉን ብቻ ቀየረ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ መለስኩለት፣ ትዕግሥቴም አልቆ ነበር። የሚለክፈውን ሰው ቤት ተቀመጥ ሳትል ሴቷን ብቻ ቤት ካስቀመጥክ፣ መንገዱን ለማን ሰጠኸው አልኩት። አልጸጸትም።

27ኛዋ የመብራቱን ነገር አነሳች። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታም ብርሃን ነው፣ እሷ አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትሮጣለች። ግን ከዋናው መንገድ ወደ ሠፈሯ ስትታጠፍ ጨለማ ነው። የምትፈራው የመጨረሻዎቹን ሦስት መቶ ሜትሮች ነው። አጥር በቆርቆሮ የታጠረበት ግራና ቀኝ መውጫ የሌለው ቦታ ላይ ብርሃን ብቻ አያድንም፣ የሚያይ ሱቅ ያስፈልጋል አለች። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው የሚባለው መኪና የሌለበት ቀን ሲጀመር መንገድ ተዘግቶ ሲሮጥ እንዴት ደስ ይል እንደነበርም አስታወሰች። እዚያ ላይ ሴቶች በብዛት ይመጡ ነበር፣ ምክንያቱም ሰው አለ፣ መኪና ደግሞ የለም።

28ኛዋ በቃ እንገናኝ አለች። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከጉርድ ሾላ ተነስተን እኔ በተከተሉኝ መንገድ ላይ እስከ ሲኤምሲ። 29ኛዋ ከሰሚት ነው፣ አርባ ዙር የምትዞረው፣ እመጣለሁ አለች። 30ኛው 6ኛው ላይ የጻፈው ወንድ ነው፣ ወንድ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይመጣል፣ ግን ከፊት አይመራም፣ ከኋላ ሆኖ የቀረችውን ይጠብቃል አልኩ። እሺ አለ። የ21ኛዋ ልጅ እናቷ ቅዳሜ በዚያ መንገድ ላይ ተረኛ እንደሆኑ ጻፈች። ስናልፍ ቆመን ሰላም እንድንላቸውና ቁርስ ባንረሳላቸው ደስ እንደሚላት አከለች።

31ኛዋ በጣም ቀርፋፋ ነኝ፣ ትጠብቁኛላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እንጠብቅሻለን። አምባሻውን እኔ ይዣለሁ፣ ቴርሞስ ያለው ሻይ ይያዝ።